ግፊቴን አታስነሳው

ጎንደር በገባሁ ማግስት አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ምነው ልጄ፣ ከሳህብኝ፤ አሜሪካ አልተስማማህም እንዴ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም፣ 11 ኪሎ ቀንሻለሁ። ግን ለደም ግፊቴ ሐኪም አዞኝ፣ ጨው ተከልክዬ፣ በየማታው ሠፈሬን እየዞርኩ በልፋት የቀነስኩት ነው። እዚያ «ጎበዝ» የተባልኩበት ነገር እዚህ ሊያስለቅስብኝ ነው። ልጇ ደግሞ ቦርጩ ሸሚዙን ወጥሮት ሲገባ «እሱን እይ፣ ሥራው ተስማምቶታል» ተባለለት።

ሥራው ወንበር ላይ ነው። የእኔም ወንበር ላይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ከመኪና ወንበር ወደ ቢሮ ወንበር፣ ከቢሮ ወንበር ወደ ሶፋ፣ 16 ዓመት። አገር ቤት ያለው ሰው ግን ይራመዳል፣ ዳገት ይወጣል እያልኩ እቀና ነበር። ልጆች ሆነን ከማራኪ ፒያሳ በእግራችን ነበር የምንወጣው። አሁን ባጃጅ አለ። የአክስቴ ልጅ ከቤቱ በር ላይ ይሳፈራል፣ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይወርዳል። ከዚያ ከ2፡30 እስከ 11፡30፣ የምሳ ሰዓቷ ስትቀነስ፣ ቁጭ ነው። ቡናዋም ራሷ ቢሮ ድረስ ትመጣለች። ከጎን ክፍል አንድ ፋይል ሲያስፈልግ ተላላኪ ይጠራል።

እየሰደብኩት አይደለም። በእኛ አገር መቀመጥ ክብር ነው። እንግዳ ሲመጣ «አረፍ በል» እንላለን፣ ሰው ሲሾም «ወንበር ያዘ» ይባላል። እዚያ ደግሞ ቆሞ ለመሥራት ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ በብዙ መቶ ዶላር ይገዛል። እኔም ገዝቼ ነበር፤ አሁን ያልታጠፈ ልብስ ይቆለልበታል።

እና ወንበሩ አያለያየንም። እኔን ግን ሲያስገርመኝ የሰነበተው አነጋገራችን ነው። በእኛ ቋንቋ ግፊት «ይነሳል»። «እባክህ ግፊቴን አታስነሳው» እንላለን፣ ልክ እንደ ቁጣ። ራሳችንን ሲያመን «ዛሬ ግፊቴ ተነስቷል»፣ ሲተወን «ወረደልኝ»። ካልተናደድኩና ካላመመኝ የለብኝም ማለት ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሸመታ ላይ ስትቆይብኝ፣ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ፋርማሲው አጠገብ ያለ በነጻ የሚለካ ማሽን ላይ ጊዜ ለማሳለፍ ያህል ተቀመጥኩና ክንዴን አስገባሁ። 158 በ98። ራሴን አላመመኝም፣ ማንም አላናደደኝም። ተበላሽቷል ብዬ ደገምኩት። 156 በ96።

አሜሪካንን ማመስገኔ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ከአዋቂው ሰው ግማሽ ያህሉ ግፊት አለበት (ከ130 በ80 ጀምረው ስለሚቆጥሩ ነው የሚበዛው፣ ብዙው ዓለም መስመሩን 140 በ90 ላይ ያሰምራል)። ጨዉም ተደብቆ ነው የሚመጣው፣ በዳቦው፣ በቺዙ፣ በታሸገው ሾርባ። የጎንደር ጨው ቢያንስ አይደበቅም። በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ይጨመራል፤ ገጠር ከወጣህ ቡናው ውስጥም ታገኘዋለህ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አትሞላም። ይህን ለአክስቴ ብነግራት «ታዲያ ምኑ ሊበላ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ዘመድ ስልክና ጫማ ሲያዘኝ እኔ የግፊት መለኪያ ይዤ ነበር የመጣሁት። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ወግ አለው መለካት፤ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያጣምሩ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አስቀምጦ፣ ሳያወሩ። ቡናም ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መጠጣት የለበትም። ጎንደር ውስጥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና ያልጠጣ የቢሮ ሠራተኛ ፈልጌ አጣሁ! ዝም በሉ ስላቸውም ይስቃሉ። እንደምንም ዘጠኝ ሰው ለካሁ፣ አራቱ ከ140 በላይ ሆኑ። በአንድ ቀን ልኬት ግፊት አለብህ እንደማይባል ነግሬያቸዋለሁ።

የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ግን 176 በ108 ወጡ። አሥር ደቂቃ አሳርፌ ደገምኩ፣ 172። «እኔ እኮ የምናደድ ሰው አይደለሁም፣ በሥላሴ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ቢሮው ሁሉ መሰከረላቸው፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ወዲያው ምክሩ ወረደ። አንዷ ፌጦ አለች፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት። አንዱ ክኒን ታዞለት ሁለት ወር ወስዶ «ሲሻለኝ ተውኩት፣ ከለመዱት ሱስ ነው» አለ። መነጽር ያደረገ ሰው ሱሰኛ ነው ወይ? ሲያወልቀው አይታየውም፣ በቃ። ክኒኑም ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል፣ ሳይነግርህ። ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን ሲጎዳ ድምፅ የለውም። ለቅሶ ቤት «ደህና ነበር እኮ፣ ድንገት ነው የወደቀው» ሲባል ስንቴ ሰምተናል? ድንገት የሆነው መውደቁ ብቻ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ (ይኸው፣ ግፊቴ ተነሳ) ከተማዋ ጎንደር መሆኗ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1954 ጀምሮ በሕዝብ ጤና ኮሌጇ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። የሚለካ ሰው አልጠፋም። ጋሼ ግን 50 ዓመት አልፏቸው አንድም ቀን ሳያማቸው ሐኪም ቤት ገብተው አያውቁም። ሳያመኝ ምን ልበል ብዬ ልግባ ነው ጥያቄያቸው፣ እኔም ማሽኑ ባያጋጥመኝ ኖሮ አልገባም ነበር።

መለኪያውን ትቼላቸው ተመለስኩ። ከማህተሙ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ከወር በኋላ የአክስቴ ልጅ ደወለ።

«ይሄ ነገርህ አራት ባትሪ ነው እንዴ የሚበላው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«አልቆበት ነበር፣ ከቡና መዋጮው ላይ ቀንሰን ገዛን። ያስወሰኑት ጋሼ ናቸው። ክኒን ጀምረዋል፣ ዛሬ 146 ሆኑ።»

«አንተስ ስንት ነህ?»

«ቡና ጠጥቻለሁ፣ ነገ እለካለሁ።»