ማስተካከያ፦ ካዝናው የወጣለት ሽጉጥ ሁሉ ባዶ አይደለም
ባለፈው ሳምንት በለገጣፎ ዙሪያ በፈቃድ ሽጉጥ ለሚይዙ የግቢ ጥበቃዎች ሪቮልቨርን (ጥይቱ በሚሽከረከር ጎራሽ ውስጥ የሚቀመጥበትን ሽጉጥ) እና ማካሮቭን የመሰለ ባለ ካዝና (ተነቃይ የጥይት መያዣ ያለው) ሽጉጥ ሳነጻጽር፣ «ካዝናው ከወጣ ሽጉጡ ባዶ ነው» ብዬ የጻፍሁት አደገኛ ስህተት ስለሆነ ይታረምልኝ። ካዝናው ወጥቶም አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቀር ስለሚችል፣ አፈሙዙን ወደ ሰው ሳያዞሩና ጣትን ከምላጩ አርቀው፣ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ ጥይቱ የሚጎርስበትን ቦታ በዓይን ማየት ግድ ነው። ሪቮልቨር ሁሉ ስድስት ጎራሽ ነው ማለቴም ልክ አልነበረም፤ ባለ አምስትም አለ። ጥይት ቢከሽፍበት ምላጩን ደግሞ መሳብ በአብዛኛው ቀጣዩን ስለሚያመጣ፣ ቢያንስ ለጀማሪ፣ ምርጫዬ አሁን ወደ ሪቮልቨር ያዘነብላል። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሚጠየቀው ፈቃድ የጻፍሁት ግን አልተለወጠም።