ዲግሪው ግድግዳ ላይ፣ ልጁ አሞራ ገደል

ከ11 ዓመት በኋላ ሐዋሳ የገባሁት በምርቃት ሰሞን ነው። ፎቶ ቤቱ ሁሉ ጥቁር ገዋን የለበሰ ልጅ ሰቅሏል። እህቴ ሳሎን ገብቼ ቀና ስል፣ ልጇም ከትልቅ ፍሬም ውስጥ ዲግሪውን ታቅፎ ያየኛል። የባዮሎጂ ተመራቂ።

«የታለ ባለዲግሪው?» አልኳት።

«አሞራ ገደል። ዓሣ ሲመዝን ነው የሚውለው» አለች፣ መርዶ የምትነግረኝ ይመስል።

በማግስቱ በጠዋት ወደ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ ሄድኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው ተኮልኩለዋል። ልጁ ቦቲ ጫማ አድርጎ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በማስመሪያ ይለካል፣ ይመዝናል፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። ለሰላምታ ክንዱን ሰጠኝ፤ እጁ ዓሣ ዓሣ ይላል። አንዷን ትንሽ ዓሣ ሆዷን ከፍቶ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ አንዴም እንቁላል ሳትጥል ነው የተያዘችው። መረቡ ጠባብ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ሐይቁ ምን ይተካል?»

ባዮሎጂን መርጦት አይደለም። የሞላው ሕክምና ነበር፤ ነጥቡ አልበቃም፣ ባዮሎጂ ደረሰው። ዓሣ ያየው ስላይድ ላይ ነው። በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አለፈ። ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ዲግሪ የለውም፤ እሱ አለው። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከረመ። ሁሉም «የ2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ሲሰለቸው አስጋሪዎቹ ጋ መዋል ጀመረ። ትንሽ ይከፍሉታል። ስንት ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

እኔም ከዚህ የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ ሄጄ ሜሪላንድ 9 ዓመት መኪና አቁሜያለሁ፣ የሰው መኪና። በ38 ዓመቴ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስገባ አማካሪዋ ወዲያው ፎርም አላስሞላችኝም። «መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደህ አንድ ባለሙያ ተከትለህ ዋል» አለችኝ። ዋልኩ። ትንፋሽ ያጠረው ሽማግሌ ማሽኑ ሲስተካከልለት፣ ከንፈሩ ቀለሙ ሲመለስ አየሁ። በቃ። 2 ዓመት ተምሬ የአተነፋፈስ ቴራፒስት ሆንኩ። ሌሊት እሠራለሁ፣ ወገቤን ያመኛል፣ ግን ሰኞን አልጠላም።

ልዩነቱ ይኼው ይመስለኛል፤ እኔ ሥራውን አይቼ ወደ ዲግሪው ሄድኩ፣ እሱ ዲግሪውን ይዞ ሥራውን በእግሩ ፈለገ። አሜሪካን ለማድነቅ አይደለም። እዚያም ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው የፌዴራል የትምህርት ብድር አለበት። የኛ ሐበሻ ወላጅም ቢሆን እዚያ ሄዶ «ዶክተር ካልሆንሽ» ማለቱን አልተወም።

ማታ ልጁ መጣ። እናቱ አፍንጫዋን ይዛ ውኃ አቀረበችለት። ታጥቦ ፍሬሙ ሥር ተቀመጠና ከረጠበው ደብተር ቁጥሮቹን ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ ጀመረ።

«ለማን ነው የምትልከው?»

«እስካሁን የጠየቀኝ የለም» አለኝ፣ ቀና ሳይል።