ወባን የሚያሳብቀው ፕሮቲን ሲጠፋ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ የጎረቤቴ ልጅ በጊቤ ሸለቆ በቆሎ ሲሰበስብ ሰንብቶ ወደ ጅማ ሲመለስ እያንቀጠቀጠውና ራሱን እየፈለጠው ነበር የገባው። የወባ ምልክት ለማንኛችንም እንግዳ ስላልሆነ እናቱ በማግስቱ ወደ ሕክምና ይዛው ሄደች። ጣቱ ተወግቶ ደሙ በፈጣን መመርመሪያ ኪት ታየና «ወባ የለበትም» ተብሎ የትኩሳት ማስታገሻ ይዞ ተመለሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ሕመሙ ሲጠናበት እዚያው ተወስዶ በዚያው ዓይነት ኪት ቢመረመርም ውጤቱ አልተለወጠም። በአራተኛው ቀን ሌላ ቦታ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደሙን በስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ በብዛት ተገኘበት። ልጁ ታክሞ ድኗል። ኪቱ ሁለት ጊዜ ሳያየው ለምን እንዳለፈ ግን የጠየቀ አልነበረም፤ ለተጨማሪ ምርመራ የሚሆን አንዲት የደም ጠብታም አልተቀመጠችም።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የአንድ ፕሮቲን ጥያቄ ነውና።

«ፕሮቲን» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እንቁላል፣ ሥጋና ባቄላ ነው። የምግቡ ፕሮቲን ሰውነታችን ፈታትቶ የራሱን ፕሮቲኖች የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም ሆነ ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን በዚህ መንገድ የተሠሩ ፕሮቲኖች ናቸው። ተሕዋሲያንም የየራሳቸው ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚያዙትም በእነዚሁ ነው።

በየጤና ኬላው ያለውን ኪት ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከጣት ጫፍ የወሰደቻትን የደም ጠብታ በትንሿ ቀዳዳ ውስጥ ታደርጋለች፣ በሌላኛው በኩል ማሟሟያ ፈሳሽ ትጨምራለች፣ ከዚያም 15 ወይም 20 ደቂቃ ትጠብቃለች። ደሙ በነጩ ስስ ንጣፍ ላይ እየተሳበ ሲሄድ ፋልሲፓረም ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ-2 የተባለ ፕሮቲን ይዞ ይሄዳል። ፕሮቲን ከተገጣጠመባቸው ጡቦች፣ ከአሚኖ አሲዶቹ፣ ሲሶ ያህሉ ሂስቲዲን የተባለው ዓይነት የሆነው ይህ ፕሮቲን፣ በንጣፉ ላይ ቀድሞ የተተከለው ፀረ እንግዳ አካል ዘንድ ሲደርስ ይያዛል፤ ከእሱ ጋር የተጣበቁት እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶችም እዚያው ይከማቻሉ። በዓይናችን የምናየው ቀይ መስመር የእነዚያ ቅንጣቶች ቀለም ነው። እንግዲህ ኪቱ ተሕዋሱን ራሱን አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው በተሕዋሱ ላይ የሚያሳብቀውን ፕሮቲን ብቻ ነው።

ፕሮቲኑን የማይሠራ ተሕዋስ ቢመጣስ? መጥቷል። የኤችአርፒ-2 ዘረመል፣ ማለትም ፕሮቲኑ የሚሠራበት መመሪያ፣ የጎደላቸው የፋልሲፓረም ተሕዋሲያን ከታማሚዎች ደም መገኘታቸው መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ የአማዞን አካባቢ ነበር። በ2016 ደግሞ በጎረቤታችን ኤርትራ፣ በጊንዳዕ ሆስፒታል ከተመረመሩት የፋልሲፓረም ታማሚዎች በአብዛኞቹ ላይ ዘረመሉ ጠፍቶ ስለተገኘ አገሪቱ ኪቷን ለመቀየር ተገደደች። በእኛም አገር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ በኤችአርፒ-2 ላይ የተመሠረተ ኪት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶውን ሊያልፋቸው እንደሚችል ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ይቀየር የሚለው ክፍተቱ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

አካሄዱን መረዳት ይጠቅማል። ዘረመሉ የሚገኘው በተሕዋሱ ስምንተኛ ክሮሞሶም ጫፍ አካባቢ፣ በቀላሉ ተቆርጦ ሊጠፋ በሚችል ቦታ ላይ ነው፤ ተሕዋሱም ያለ እሱ መኖር ይችላል። ፕሮቲኑን የሚሠራው ተሕዋስ በኪቱ ተይዞ በመድኃኒት ይጠፋል፣ የማይሠራው ሳይታይ ቀርቶ በትንኝ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። እኛው ራሳችን ያሰራጨነው ምርመራ ወንፊት ሆኖ፣ የሚታየውን እያስቀረ የማይታየውን እንዲያልፍ አደረገ ማለት ነው። ከላይ የጠቀስኩት ጥናትም በተሕዋሱ ዘረመል ላይ የዚህን ወንፊት ጠንካራ ምልክት አግኝቷል።

መውጫው ተሕዋሱ ሊጥለው የማይችለውን ፕሮቲን መፈለግ ነው። ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከግሉኮስ ጉልበት ለማግኘት ስለሚያስፈልገው፣ ያንን ጥሎ የሚተርፍ ተሕዋስ አይጠበቅም፤ ቫይቫክስ የተባለውን ሌላውን የወባ ዓይነት የምንለየውም በዚሁ ነው። ሆኖም በዚህ ፕሮቲን ላይ የተመሠረቱት ኪቶች ተሕዋሱ በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን ይደክማሉ። ስለዚህ ኪት ቀይሮ መተኛት የለም፤ በየአካባቢው ያለው ተሕዋስ ምን ፕሮቲን እንደያዘና ምን እንደጣለ ያለማቋረጥ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

ክትትሉ ለመድኃኒቱም ግድ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተገኙ አንዳንድ የፋልሲፓረም ተሕዋሲያን ላይ፣ ኬልች-13 በተባለው ፕሮቲን 622ኛ ቦታ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ አይሶሉሲን በተባለ ሌላ ተተክቷል፤ ለውጡም ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ዋና ክፍል የሆነው የአርቴሚሲኒን ቤተሰብ ተሕዋሱን በሚፈለገው ፍጥነት እንዳያጠፋው ከሚያደርጉት አንዱ ነው። በአንድ ፕሮቲን ውስጥ የአንድ አሚኖ አሲድ መለወጥ አገር የተማመነበትን ሕክምና ሊያዳክም ከቻለ፣ ፕሮቲን ማጥናት የቅንጦት ሥራ ነው የሚለው አባባል አይገባኝም።

አባባሉን ግን እሰማዋለሁ። በቅርቡ አንድ የማከብረው ሰው «አጎበር ሳይዳረስ ስለ ሞለኪውል ማውራት ምን ይሉታል?» ብሎኛል። አጎበሩ ይቅደም በሚለው እስማማለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ነገር ግን እነዚያን ሁሉ ሰዎች ታማሚ ወይም ጤነኛ ብሎ የሚለየው በአመዛኙ ያው ኪት ወይም ያው ማይክሮስኮፕ ነው። መለያው ከተሳሳተ የአጎበሩም የመድኃኒቱም እቅድ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ይቆማል።

ጅማ ደግሞ ከባዶ አትጀምርም። የግልገል ጊቤ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሐይቁ ዙሪያ ያለውን ወባ ሲያጠኑ የቆዩት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው በሰኮሩም የሐሩር በሽታዎች የምርምር ማዕከል አለው። የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለፕሮቲን ንድፍና የፕሮቲንን ቅርጽ ለሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሆን፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጾች ዛሬ በነፃ ስለሚገኙ ዶርም ውስጥ የተቀመጠ የጅማ ተማሪም ሊያያቸው ይችላል። ኮምፒውተሩ ሊነግረን የማይችለው በሊሙና በጊቤ ሸለቆ የሚዞረው ተሕዋስ የቱን ፕሮቲን እንደያዘ ነው። ያ ከታማሚው ደም ብቻ ይገኛል።

ደሙን ማቆየት ደግሞ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ከጣት የወጣው ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ካርድ ላይ ተንጠባጥቦ ይደርቃል፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በላስቲክ ይታሸጋል፣ ቀንና ቦታ ይጻፍበታል፤ ያለ ማቀዝቀዣ ተጉዞ ዘረመሉ የሚነበብበት ላቦራቶሪ ይደርሳል። የምጠይቀው በጅማ ዞን ኪቱ «የለም» ብሎ ማይክሮስኮፑ «አለ» ባለ ቁጥር አንድ ካርድ እንዲቀመጥ፣ ዩኒቨርሲቲውም እነዚያን ካርዶች በየዓመቱ የሚመረምርበት ቋሚ በጀት እንዲኖረው ነው። ልዩነቱ ኪቱ በሙቀት በመበላሸቱ ወይም ጊዜው በማለፉ የመጣም ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ያንንም ይለይልናል። ወባው የሚበረታው ከመስከረም ጀምሮ ስለሆነ፣ ካርዶቹና የመመዝገቢያ ቅጹ ክረምቱ ሳይወጣ በየጤና ጣቢያው መድረስ ይኖርባቸዋል።