ጀሪካኑ የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ከመንገድ ዳር ማንጎ ገዝቼ በላሁ። ማንጎ ቆሞ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ቧንቧ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። የለም። የታሸገ ውሃ ገዝቼ ታጠብኩ። ለማንጎው ካወጣሁት በላይ ለመታጠቢያው አወጣሁ።

እዚያው ሰልፍ አጠገብ በ2012 ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ነበር። ሜክሲኮም፣ ለገሃርም፣ ፒያሳም ነበር። ወጣቶች ሳሙና ይዘው ቆመው "ታጠቡ፣ ታጠቡ" ይሉን ነበር። ባንክ ለመግባት መጀመሪያ መታጠብ ግድ ነበር። ስልክ ስንደውል እንኳ ከሰውየው ድምፅ በፊት የምንሰማው የኮሮና ምክር ነበር። (እናቴ አንዴ ሙሉውን አዳምጣ ስታበቃ "እሺ የኔ ልጅ" ብላ ዘጋችው።)

የመንግሥትን እርምጃ በሙሉ ማጣጣል አልፈልግም። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። ትምህርት ቤት በቀናት ውስጥ ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ከተማው ግን ጭራሹን አልተዘጋም። ልክ ነበር እላለሁ። ጠዋት ሠርቶ ማታ የሚበላን ሰው ቤትህ ተቀመጥ ብትለው ምን ሊበላ?

የማልረሳው የታክሲውን ነው። ሚኒባስ ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ታዘዘ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። የባዶውን ወንበር ሒሳብ የከፈልነው እኛ ነን ማለት ነው። ለጤናችን ነው ብለን ከፈልን። ሲመሽ ግን ወንበሩም ይሞላል፣ እጥፉም ይከፈላል። ትራፊክ ብቅ ሲል ረዳቱ "ዝቅ በሉ!" ይላል። ስድስት ሰው የጫነ በሚመስል ታክሲ ውስጥ አሥራ ሁለታችን አንዳችን በአንዳችን ጉልበት ላይ ተደፍተን እንተነፍሳለን። ርቀታችንን ጠበቅን!

በዚያው አዋጅ ማስፈጸሚያ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። የሚያኮራ ሕግ ነው። እኔ የማውቃቸው ተከራዮች ግን አብዛኞቹ የሰሙት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የታክሲውን እጥፍ ታሪፍ ግን በማግስቱ ያልሰማ አልነበረም።

ከዚያ ሁሉ ትእዛዝ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ቢዘልቅልን ኖሮ፣ ያ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በዘለቀልን። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1911፣ የኅዳር በሽታ ይህችን ከተማ አጭዷት ሄዷል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻ እናቃጥላለን። ጭሱ ለሳንባ ባይበጅም፣ ቢያንስ ልማድ ትቶልናል። ኮሮና ምን ተወልን? በየመሳቢያው የተረሳ ማስክ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ስለሆነ ነው የሚለኝ አይጠፋም። በ2012ም በፈረቃ ነበር። ሮቶ ተቀምጦ ይሞላ ነበር። የኮሪደር ልማቱ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን ይዞ መጥቷል፤ ጥሩ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ተራውን ለቆ ቧንቧ ፍለጋ አይሄድም። እጅ መታጠቢያው ሰልፉ ጋ መምጣት አለበት፤ ያኔ እንደመጣው። በአንድ ሳምንት የተሠራ ነገር እኮ ነው።

በማግስቱ ማንጎ የምትሸጠዋን ልጅ በምን እንደምትታጠብ ጠየቅኳት። ከጀርባዋ ሃይላንድ አወጣች። ከቤቷ ሞልታ ነው የምታመጣው።

"ትናንት ምነው አልሰጠሽኝም?" አልኳት።

"ለደንበኛ ነው" አለችኝ።

ሁለት ማንጎ ገዛሁ።