ጓደኞቻችንን ጠራን፣ ነጋዴው መጣ

ሰዎች ያሉበትን ቦታ በስልካቸው ለጓደኞቻቸው የሚያሳውቁበትን አገልግሎት ያቀረበው ፎርስኩዌር የተባለው ኩባንያ የከተማ መመሪያ መተግበሪያውን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 2024 ከዘጋው ወዲህ፣ የማስታወቂያው ዓለም ሰዎች አንድ አባባል ይዘው ተነስተዋል። ሰው ያለበትን ቦታ መናገር ሰልችቶት ተወው፤ ድሮም የአንድ ሰሞን ፋሽን ነበር ይሉናል። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ዝም ተብሎ መታለፍም የለበትም።

ሰው ሰልችቶት ቢሆን ኖሮ «ደርሻለሁ፣ የት ናችሁ?» የሚለው መልእክት ዛሬም በየደቂቃው ባልተላከ ነበር። የቆመበትን ቦታ በካርታ ለወዳጁ የሚልክ ሰው ባልኖረ ነበር። ኩባንያው ራሱ ስዋርም የተባለውን፣ በ2014 ለብቻው የነጠለውን የቼክ ኢን (ያሉበትን ቦታ መዝግቦ የማሳወቂያ) መተግበሪያ ሳይዘጋ አስቀርቶታል። የሰለቸ ነገር እንዲህ ይቆያል? ልማዱ አልሞተም፤ ከአደባባይ ሸሽቶ ጥቂት ወዳጆች ብቻ ወዳሉበት ክፍል ገባ። ምን አሸሸው ለሚለው ጥያቄ ግን እነዚህ ባለሙያዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል።

ዶጅቦልን የሚያስታውስ ያውቀዋል። ዴኒስ ክራውሊና ባልደረባው በኒውዮርክ የጀመሩት አገልግሎት ነበር፤ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሠራ። ጉግል በ2005 ገዛው፣ በ2009 ዘጋው። በዚያው ዓመት ክራውሊ ከናቪን ሰልቫዱራይ ጋር ፎርስኩዌርን ኦስቲን ላይ ይፋ አደረገ። ሐሳቡ በሁለቱም ያው ነበር። ከሥራ የወጣ ሰው አንድ ካፌ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ስልኩን አውጥቶ የካፌውን ስም ይጽፋል። ሁለት መንገድ ወዲያ ያለ ጓደኛው ያነበዋል፣ ወደ ቤት መሄዱን ትቶ ይታጠፋል፣ ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል። ሚሊዮኖች ተጨናንቀው ሳይተዋወቁ በሚኖሩበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ያቺ አጭር መልእክት ትርጉም የነበራት ለማን እንደተነገረች ስለሚታወቅ ነው።

የፎርስኩዌር የከንቲባነት ጨዋታም የጓደኛሞች ፉክክር ነበር። ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ አንድ ቦታ ከሁሉ በላይ ብዙ ቀን የተመላለሰ ሰው የዚያ ቦታ «ከንቲባ» ይባላል፤ ጓደኛው ሊነጥቀው ይሞክራል፣ ይሳሳቃሉ። በ2010 ስታርባክስ የተባለው የቡና መሸጫ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ለቤቶቹ ከንቲባዎች ከአንድ መጠጥ ላይ የአንድ ዶላር ቅናሽ አደርጋለሁ አለ። ባለሙያዎቹ ይህን የዘመኑ ታላቅ ፈጠራ ብለው አጨበጨቡለት። እኔ ደግሞ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ጽሑፉ ያው ነው፣ የሚነካው ቁልፍም ያው ነው፤ ሰሚው ግን ተቀይሯል። ሰውየው አሁን የሚያናግረው ገንዘብ ተቀባዩን ነው። ጓደኛው መልእክቱን ሲያነብ ተጠርቶ እንደሆነ ወይስ ቅናሽ እየተለቀመ እንደሆነ መለየት አይችልም። መለየት ካልቻለ አይመጣም። የሚመጣ ከሌለ ደግሞ የሚጽፍ አይኖርም። በዚያው ሰሞን በየበሩ ቼክ ኢን አድርጉ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ደጃፉን እንኳ ሳይረግጡ ከመንገድ ላይ የሚመዘግቡ በዙ፤ ኩባንያው አጭበርባሪን የሚለይ መቆጣጠሪያ እስከማበጀት ደረሰ። ወዳጁን ለመጥራት የሚጽፍ ሰው ለምን ያጭበረብራል? ማጭበርበር የመጣው ዋጋ ሲለጠፍበት ነው።

ደግሞም ትምህርት ሊሆናቸው የሚገባው ነገር ቀድሞ ደርሶ ነበር። ፌስቡክ በ2007 ቢኮን በሚባለው አሠራር ሰዎች ከሌሎች ድረ ገጾች የገዙትን ዕቃ ለጓደኞቻቸው ማሳወቅ ጀመረ። አንድ ባል ለሚስቱ በድብቅ የገዛው ቀለበት ለእሷም ለሌላውም በአደባባይ ታየ። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ፤ ቢኮንም በ2009 ተዘጋ። የሰው አፍ ተውሶ ዕቃ መሸጥ እንደማያዛልቅ ከዚህ በላይ ማን ይንገራቸው?

ያለ ማስታወቂያ ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚሉ አሉ። ገንዘብ ያስፈልጋል፣ እሺ። በጽሑፍ ዳር ማስታወቂያ መለጠፍ አንድ ነገር ነው፤ ወዳጅ ለወዳጁ የሚለውን ቃል መግዛት ሌላ።

በጣም የሚያበሳጨኝ ግን ይህ ነው። ፎርስኩዌር የከተማ መመሪያውን ቢዘጋም የቦታ መረጃ ለድርጅቶች የሚሸጥበት ሥራው ቀጥሏል። መተግበሪያው ሊዘጋ ወር የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው ከ100 ሚሊዮን በላይ ቦታዎች የተመዘገቡበትን ዝርዝር ለማንም ክፍት አድርጎ ለቋል። ያ ዝርዝር ተራ ሰዎች ለዓመታት በየጎዳናው እየቆሙ ያስገቡት መረጃም አለበት። ሰዎቹ የጻፉት ጓደኛ እንዲያገኛቸው ነበር። ዛሬ ሰለቻቸው እየተባለ ጥፋቱ የሚለጠፈው በእነሱ ላይ ነው፤ ይህን የሚለው ባለሙያ ደግሞ ነገ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ማን የት እንደዋለ የሚያሳየውን መረጃ ከፍቶ ሥራውን ይጀምራል።