ዘይት ያልነካው መካኒክ

ባለፈው ሳምንት ከትዳሬ በዕድሜ የምትበልጠው ኮሮላዬ ሳሪስ አካባቢ አስፋልት መሀል ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞረው «ጠቅ» ከማለት በቀር መልስ የለም። ከኋላ የሚኒባሱ ሹፌር በጥሩንባ፣ ረዳቱ በስድብ ተረባረቡብኝ። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁ። ከጎኔ የተቀመጠው የጎረቤቴ ልጅ ነዋ! በአውቶሞቲቭ ሙያ ሦስት ዓመት ሠልጥኖ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን አልፎ፣ እናቱ የምስክር ወረቀቱን ሳሎን ከማርያም ሥዕል ጎን የሰቀለችለት ባለሙያ።

«በል እንግዲህ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሞተር አራት ምት አለው» ብሎ ጀመረ። መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። አራቱ እስኪያልቁ ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ይዞራል፤ ይኸውም 720 ዲግሪ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር ስድቡን አቁሞ አዳመጠ። እንዲህ ጥርት ያለ ማብራሪያ በዕድሜዬ አልሰማሁም። ችግሩ የመጣው «እስቲ ኮፋኖውን ክፈተው» ስለው ነው። ከፊት ዞሮ አያት። ከጎን ዞሮ አያት። ኮፋኖውን በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «ይሄን በንድፈ ሐሳብ ነው የወሰድነው» አለኝ።

ማዶ ካለው ጎሚስታ ጎማ ሲነፋ የነበረ ልጅ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። ከመሪው ሥር አንድ ነገር ሳብ አደረገ፣ ኮፋኖውን አነሳ፣ የላላችውን የባትሪ ማሰሪያ በ10 ቁጥር ቁልፍ ጠበቅ አደረጋትና «አስነሳት ጋሼ» አለ። ተነሳች። ስለ አራቱ ምት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያልተማረ ነገር!

ይህን ስታነቡ «የእኔም የአክስት ልጅ እንዲሁ ነው» ማለታችሁ አይቀርም። እኔ ግን ለወቀሳ አልተነሳሁም፤ ለምስጋና ነው። መኪና ሳያስነኩ መካኒክ ማስመረቅ ምጣድ ሳያሰጡ ጋጋሪ ማስመረቅ ነው፤ ሌላው ዓለም ገና አልደረሰበትም። ጥበቡ ከየት እንደሚቀዳ ልይ ብዬ ልጁ ወደተማረበት ማሠልጠኛ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። የአንዱን ብጠራ ሌሎቹ «እኛስ ምን አጠፋን?» ብለው ይቀየሙኛል።

ወርክሾፑ ሲገቡበት ያስደነግጣል። ከንጽሕናው የተነሳ ማለቴ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራን የምታውቁ ሰዎች መካኒክ ያለበት ቦታ ዘይት ይሸታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ይሄ በረኪና ነው የሚሸተው። መሀል ላይ በብረት ማቆሚያ ላይ አንድ ሞተር ቆሟል፤ ውስጡ እንዲታይ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ ተቀብቶ። ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮ «መንካት ክልክል ነው» ተብሏል። አርባ ተማሪ ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ድንቅነሽን እንደሚጎበኝ ሰው አንገቱን እያሰገገ ያየዋል። ድንቅነሽ እንኳ አሜሪካ ደርሳ ተመልሳለች፤ ይሄ ሞተር ግን ከማቆሚያው ወርዶ አያውቅም።

ሀብቱ ያለው ግን እዚያ አይደለም። ንብረት ክፍል ነው።

የንብረት ክፍሉን በር ሁለት ጓጉንቸር ይጠብቀዋል። የአንደኛው ቁልፍ ኃላፊው ቀበቶ ላይ፣ የሁለተኛው ቁልፍ ደግሞ በኃላፊው መሳቢያ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ተመልሶ ኃላፊው ቀበቶ ላይ ነው። ከኦዲት የመጣሁ መስዬአቸው ይመስለኛል ከፍተው አስገቡኝ። ስገባ ዓይኔ ፈዘዘ። አንድ ወዳጅ አገር የለገሳቸው የመፍቻ ሣጥኖች ከነማሸጊያቸው ተደርድረዋል። ክሪኮች አሉ፤ መንኮራኩራቸው ላይ ያለው ወረቀት ገና አልተላጠም። መደርደሪያው ላይ ደግሞ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ስካነር። ኃላፊው ጨርቁን በሁለት ጣት አነሱልኝ። «ይሄ የመኪናውን ኮምፒውተር አንብቦ ምን እንደጎደለው ይናገራል» አሉ። እስካሁን ግን አልተናገረም። የመስታወቱ ላስቲክ አልተነሳለትም።

«ከመጣ ጀምሮ አንዲት ጭረት አላገኘችውም» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ የአባት ኩራት ነበረ።

«ተማሪ ሊጠቀምበት ቢፈልግስ?» ብዬ ጠየቅኩ። መንገዱ ክፍት ነው። አስተማሪው ጥያቄ ይሞላል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል። ዲኑ ያጸድቃል፤ ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከስብሰባ ሲመለሱ ያጸድቃሉ። ከዚያ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ የሞዴል 22 ጥራዙ አልቆ ከሆነ ጥራዝ ግዢ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ልቅሶ ሄደዋል፤ ቁልፉም አብሮ ልቅሶ ሄዷል። ከልቅሶ ሲመለሱ ዕቃው ይወጣል፤ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ካልተመለሰ አይሆንም፤ ክፍለ ጊዜው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው። አንድ መፍቻ ከጠፋ ከአስተማሪው ደመወዝ ይቆረጣል። አስተማሪው ልጆች አሉት። ስለዚህ ጠመኔውን ያነሳል፤ ካቻቢቴውን ሰሌዳ ላይ ይስለዋል።

አሣሣሉን ብታዩት! እጀታው ላይ ያሉት መስመሮች፣ ጫፉ ላይ ያለው ብልጭታ። ተማሪው ደግሞ ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ በእርሳስ ጥላ ጣል አድርጋበት አየሁ፤ እውነተኛ ከመምሰሉ የተነሳ ቡሎን ቢያቀርቡለት የሚፈታ ይመስል ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት ክሪክ ነው የሚሳለው። ከዚያ የሲሊንደር መጭመቂያ ግፊት መለኪያ። በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ ሙሉ ጋራዥ ይዞ ይወጣል። ኪራይ የለበትም፣ ሌባ አይደፍረውም።

ዋናው ዕቃ ፀሐይ የሚያየው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሰኔ ሲያልቅ፣ ለቆጠራ። ይቆጠራል፣ ይወለወላል፣ ይመለሳል። ኃላፊው ጡረታ ሲወጡ «ያለ አንዳች ጉድለት አስረከቡ» ተብሎ ጋቢ ይለበስላቸዋል። ልክ ነው። ተማሪው በሞዴል 19 ገቢ ስላልተደረገ እሱ ላይ የሚገኝ ጉድለት አይቆጠርም።

እሳቸውን ብቻ ማመስገን ደግሞ አድልዎ ይሆናል። የሁላችንም ቤት እኮ ንብረት ክፍል አለው፤ ቡፌ ነው ስሙ። ከሠርጋችን ጀምሮ ለእንግዳ የተቀመጡ ብርጭቆዎች አሉበት። እንግዳው እስካሁን አልመጣም፤ ይመጣል። እስኪመጣ ልጆቻችን በፕላስቲክ ኩባያ ይጠጣሉ። ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ቁጥሩ አይነበብም፣ ግን አዲስ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ስካነር ሲያስረክቡት ምን እንዲያደርግ ጠበቃችሁ?

ቋንቋውንም ሳላደንቅ አላልፍም። መማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ስፓርክ ፕለግ፣ ክላች፣ ጊርቦክስ፣ ስክሩ ድራይቨር ይላል። ጋራዥ ሲኬድ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ወጣ፤ ከጋራዥ ግን የሚያስወጣው አርበኛ አልተገኘም። ልጁ ካንዴላን ከነዘር ማንዘሩ ያውቀዋል፣ በክርስትና ስሙ ነው እንጂ። «ካንዴላ ፍታ!» ተብሎ ሲጮኽበት ግራ ተጋብቶ የጋራዡን ጌታ ዓይን ዓይን ያያል።

ጋራዥ ካልኩ አይቀር፣ ወረቀቱ ላይ ሥልጠናው 70 በመቶ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶ በማሠልጠኛ ነው። ግሩም ነው። የጋራዡ ጌታ ግን ደንበኛ ያመነውን መኪና ለጀማሪ አያስነካም። ስለዚህ ልጁ 70 በመቶውን የሚማረው የእጅ ባትሪ በማብራት ነው። «ወዲህ አብራ። ወዲያ። አንተ ልጅ፣ ዓይኔን ነው እንዴ የምትጠግነው?» ሦስት ወር አብርቶ፣ ሻይ አዝዞ፣ ሲጋራ ገዝቶ ሎግ ቡኩ ይፈረምለታል።

አሁን ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ልጁ እኮ ጎበዝ ነው። መሀል አስፋልት ላይ ጥሩንባ እየተነፋበት 720 ዲግሪን ሳይሳሳት የተናገረ ልጅ ቁልፍ ቢሰጡት ምን እንደሚሠራ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። እናቱ ጉልት ተቀምጣ ነው ያስተማረችው። ከሽንኩርትና ከቲማቲም ቆጥባ ቱታ ገዛችለት፤ ቱታው እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ነው። ያ ቱታ አለመቆሸሹ ያናድደኛል! ሌባ እንዳይነካው ተብሎ መፍቻው በሁለት ጓጉንቸር ተቆለፈ፤ የልጁን ሦስት ዓመት የወሰደው ማነው? በስንት ቁጥር ሞዴል ነው ወጪ የሆነው? ማን ፈረመበት? በየምረቃው መድረክ ላይ ወጥተው «ሙያ ክቡር ነው» የሚሉትንም አውቃቸዋለሁ። የእነሱ ልጆች ሲለብሱ ያየሁት ቱታ የስፖርት ቱታ ብቻ ነው።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንዳንድ ጨለምተኞች «ዘመኑ ተቀይሯል» ይላሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ ጎዳናው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው፤ ካርቦሬተር ቀርቶ ካንዴላ እንኳ የላቸውም። እኔ በሄድኩበት ዕለት ሰሌዳው ላይ ከካቻቢቴው ጎን የተሳለው ካርቦሬተር ነበር። ቢሆንም አልሰጋሁም። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ገመዶች አሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍባቸው፣ ያልሠለጠነ ሰው ፈጽሞ እንዳይነካቸው የሚባሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ ባለመንካት ሦስት ዓመት ሙሉ የሠለጠነ ትውልድ ያለው አገር ማነው? ሌሎቹ ገና «እጅህን ሰብስብ» ብለው ከሀ ሊጀምሩ ነው። የእኛ ልጆች እጅ ተሰብስቦ ነው የተመረቀው።

ተሰናብቼ ልወጣ ስል የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አሮጌ ቮልስ ግቢው በር ላይ አልነሳ አለች። እንደ ቀልድ «ከውስጥ አንድ መፍቻ ብናወጣላትስ?» አልኩ። ልጃቸውን እረድ ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። ከዚያ ወደ ወርክሾፑ ዞረው «ተማሪዎቹን ጥሩልኝ!» አሉ።

ሃያ የሚሆኑ ልጆች ቱታቸውን እንደለበሱ እየሮጡ መጡ። ኃላፊው ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮን ረገጡ፤ ልጆቹ ከኋላ ተደገፉ። ያቺ ካቻቢቴዋን በጥላ ያሳመረችው ልጅ ከሁሉም በኃይል ስትገፋ አየኋት። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ አስተማሪው «አሁን ይልቀቁት!» ብሎ ጮኸ። መኪናዋ ሁለቴ ተንገጫገጨች፣ ጥቁር ጭስ ፊታቸው ላይ ተፋችና ተነሳች። ልጆቹ አጨበጨቡ። አስተማሪው መዝገቡን አወጣ፣ በየስማቸው አንጻር «ተግባር» በሚለው ዓምድ ሥር አንድ በአንድ የራይት ምልክት አደረገላቸው።