«ግልጽ እኮ ነው» አትበሉኝ!

እስኪ ፍረዱኝ። ሰው በገዛ ቋንቋው ቃል ሁለት ቀን ሙሉ ይሸወዳል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞቹ ክሪፕቲክ የሚሉት የክሮስወርድ ዓይነት አለ። ተራውን ክሮስወርድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «የፈረንሳይ ዋና ከተማ» ይላል፣ ፓሪስ ብላችሁ ትሞላላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ክሪፕቲኩ ግን ተንኮለኛ ነው። ፍንጩ ላይ ላዩን ሲነበብ ስለ አንድ ነገር ያወራል፤ መልሱ ከዚያ ነገር ጋር የእግዜር ሰላምታ እንኳ የለውም። አንድ ወዳጄ ነው «አእምሮህን ይስልልሃል» ብሎ ያስጀመረኝ። ተስሎ ተስሎ ሊያልቅ ነው።

ሰሞኑን ያቃጠለኝ ፍንጭ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «እንግዳ የሆነ የትኩስ መጠጥ ዝርያ (5)»። ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር የመልሱ ፊደላት ብዛት ነው። ትኩስ መጠጥ፣ አምስት ፊደል። ሻይ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ነው፣ አነሰ። ቡና ስድስት ነው፣ በዛ። ካካዎ ልክ አምስት ሆነልኝ! ደስ ብሎኝ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። (በእስክሪብቶ መጻፌ ትዕቢት ነበር፣ አምናለሁ።) ከዚያ ወደ ታች የሚሄዱት ቃላት ሲፈቱ ካካዎዬን አፈረሱት። የቀረኝ ኤን፣ ባዶ፣ ጂ፣ ባዶ፣ ኤስ።

እንግዲህ ኤን፣ ጂ፣ ኤስ ያየ አማርኛ ተናጋሪ ምን ይመጣለታል? ንጉሥ! ወዲያው ነው የመጣልኝ። ሳቅሁና ጣልኩት። ንጉሥ ደግሞ ይጠጣል እንዴ?

ሁለት ቀን አብሮኝ አደረ። ፊቴን ስታጠብ ትኩስ መጠጥ። ስብሰባ ላይ ትኩስ መጠጥ። በሦስተኛው ቀን መልሱ ወጣ። ኒገስ። ንጉሥ! መጀመሪያ የኅትመት ስህተት ነው ብዬ ነበር። ማብራሪያ የሚባል ነገር አብሮት የለም፤ መልሱን ብቻ ጥለውልህ ይሄዳሉ። ይህን ጨዋታ ለዓመታት የሚጫወት የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ሮጥኩ። ወረቀቱን ለሁለት ሰከንድ ያህል አየውና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ግልጽ እኮ ነው! አናግራም።» ይህን ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። አንዲት ቃል! ያቺ ቃል ራሷ ፍቺ ትፈልጋለች እኮ፣ ወንድሜ።

ስለዚህ እሱ ያላደረገውን እኔ ላድርግላችሁ። በክሪፕቲክ ፍንጭ አንደኛው ጫፍ፣ መነሻው ወይም መድረሻው፣ የመልሱ ቀጥተኛ ትርጉም ነው። የተረፈው የቃል ጨዋታ ነው። አማርኛው ቅደም ተከተሉን አዛባብኝ እንጂ በእንግሊዝኛው «ትኩስ መጠጥ» የተቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ትርጉሙ እሱ ነው። «ዝርያ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ጂነስ ነው፣ በባዮሎጂ የተማርነው። ጂ፣ ኢ፣ ኤን፣ ዩ፣ ኤስ። «እንግዳ» የሚለው ቃል ዝርያውን የሚገልጽ ይመስላል፤ ግን ትእዛዝ ነው፣ «ፊደሎቹን አመሳቅል» ማለት ነው፤ ባልደረባዬ አናግራም ያለው ይህንኑ ነው። እሺ፣ «ጂ» እና «ኤን» ቦታ ይቀያየሩ። ኤን፣ ኢ፣ ጂ፣ ዩ፣ ኤስ። አለቀ። ሁለት ፊደል ነው የተነካው፣ ሁለት!

መጠጥነቱስ? መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ኒገስ ሁለት ቦታ ገብቷል። አንዱ የኛው ንጉሥ ነው። ሌላው ከወይን ጠጅ፣ ከሙቅ ውሃ፣ ከስኳርና ከቅመም የሚሠራ መጠጥ ነው። ስሙን ያገኘው ፍራንሲስ ኒገስ ከሚባል እንግሊዛዊ ኮሎኔል ሲሆን፣ ሰውዬው በፈረንጆቹ 1732 ነው የሞተው። ከኛ ቤተ መንግሥት ጋር ምንም አያገናኘውም። የአንድ ኮሎኔል መጠጥ ከንጉሣችን ጋር ስሙ ገጥሞ እኔ ሁለት ቀን እንቅልፍ ልጣ?

ደግሞ ቃላችንን ማግኘት ብርቅ አይደለም። «ራስ» የሚለው ማዕረግ «የኢትዮጵያ ልዑል» እየተባለ ይገባል፤ ሦስት ፊደል ሲጎድላቸው ይጠሩታል። ጭላዳ ዝንጀሮም በእንግሊዝኛ ገላዳ ተብላ መዝገበ ቃላታቸው ውስጥ ተቀምጣለች። እነሱ የኛን ያውቃሉ፣ እኔ የራሴን አላውቅም።

የሚያናድደኝ ግን መክበዱ አይደለም። ከባድ ነገር አውቃለሁ። የሚያናድደኝ የምናደድበት ሰው ማጣቴ ነው! ፍንጩን መልሼ ሳነበው አንድም ውሸት የለበትም። ትኩስ መጠጥ ነው? ነው። ፊደሉ ተመሳቅሏል? ተመሳቅሏል። አዘጋጁ ሁሉንም ፊት ለፊት ነግሮኛል። ዚሜኒዝ በሚል የብዕር ስም ይታወቅ የነበረ አዘጋጅ ሕጉን አጥብቆ አስተምሯል፤ ትክክለኛ ትርጉም፣ ፍትሐዊ የቃል ጨዋታ፣ ከዚያ ውጭ ምንም። ስለዚህ ክስ ብመሠርት የምሸነፈው እኔ ነኝ።

ስሞቹንስ ልብ ብላችኋል? እውነተኛው ዚሜኒዝ የስፔን ካህን ነው፣ መናፍቃንን ያሳድድ በነበረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት፣ በኢንኩዊዚሽን፣ ዋና መርማሪ የነበረ። ከአዘጋጁ ዚሜኒዝ በፊት የነበረው አዘጋጅ ራሱን ቶርኬማዳ ብሎ ሰይሟል፤ በማሰቃየት ታሪክ የማይረሳው ዋናው መርማሪ! በፈረንጆቹ 1972 ዚሜኒዝን የተካው አዘጋጅ ደግሞ ኤዜድ ተባለ። ይህም ዴዛ የሚባለው ሌላው መርማሪ ስሙ ወደ ኋላ ሲነበብ ነው። ሰዎቹ «እናሰቃይሃለን» ብለው በስማቸው ጽፈዋል። እኔ ነኝ ሳላነብ የገባሁት።

ደግሞ ቋንቋቸው! «ፍቅር» ካሉህ «ኦ» ነው፣ በቴኒስ ዜሮ ነጥብ ፍቅር ስለሚባል። «ዳክዬ» ካሉህም «ኦ» ነው፣ በክሪኬት ዜሮ ይዞ የወጣ ተጫዋች ዳክዬ አገኘ ስለሚባል። «ሠራተኛ» ጉንዳን ነው። «ሰካራም»፣ «የተሰበረ»፣ «ያበደ» ካየህ ፊደል ማመሳቀል ነው። ከሁሉ የከፋው ፍላወር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ አበባ ነው ብለን ዘምረናል። ለነሱ ግን ፍሎው የሚያደርግ፣ የሚፈስ ነገር ሁሉ ፍላወር ነው። ወንዝ! አበባ ብለህ ስትፈልግ ቴምዝ ይወጣልሃል።

«እናንተማ የሰምና ወርቅ ልጆች ናችሁ፣ እንዴት ይከብዳችኋል?» የሚለኝም አለ። ቆይ እንጂ። ባለቅኔ ሰሙንም ያከብረዋል። ሰሙ ራሱን የቻለ ሐሳብ ነው፣ ከወርቁም ጋር ዝምድና አለው። የነዚህ ሰም ግን አንዴ ወርቁ ከወጣ የሚጣል ልጣጭ ነው። ያ ሁሉ ዝርያና መጠጥ ለምን ተወራ? ለምንም። እኔን ለማሳሳት።

በፈረንጆቹ ጥር 1942 ደግሞ አንድ የለንደን ጋዜጣ አንባቢዎቹን ሰብስቦ ይህን ዓይነት ክሮስወርድ ከ12 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንዲፈቱ አወዳደረ። ከፈቱት ውስጥ አንዳንዶቹ በኋላ ተጠርተው የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ለመፍታት ብሌችሊ ፓርክ ገብተዋል። ሙሉውን በ12 ደቂቃ። እኔ አንዷን በሁለት ቀን፣ ያውም ሳልፈታት። ጦርነቱን ለእኔ አለመተዋቸው ጥሩ ነው።

ንዴቴን ለመወጣት በአማርኛ ልሥራ አልኩ። ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የላቲን ፊደል ብቻውን ይሄዳል፣ እንደፈለግህ ታገለባብጠዋለህ። የኛ ፊደል አናባቢውን አዝሎ ነው የሚሄደው። «ቤት»ን ብትገለብጥ «ትቤ» ነው። ምን ይባላል ትቤ? ግን ፊደሉ ሁሉ ግእዝ የሆነ ግስ ስታገኝ ነገሩ ይከፈታል። እዩልኝማ፦ «ሰከረና ተንገዳገደ፤ ገንዘቡም አለቀ (3)»። «ሰከረ» ሲንገዳገድ «ከሰረ»! አላበቃም። «ሰከረና ወደ ኋላ ሄደ፤ ዋጋውም ወረደ (3)»። ከኋላ አንብቡት፤ «ረከሰ»! ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ። እንደ «ዋና» ያሉትንማ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላት ስለማያሳይ በነፃ ነው የሚሰጠን፦ «ከውሃ ስፖርት ሁሉ ትልቁ (2)»።

ከዚያ መልሷ እዚያው ፍንጩ ፊደላት መሃል የተደበቀ ቀለል ያለች አንዲት ሠራሁና ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለት። «ሌላ ምን ውስጥ የምትታለብ አለች? (2)»

«ምን?» ብሎ መለሰ።

«አይደለም» አልኩት።

«ምኑ ነው ያልሆነው?»

«‹ምን› መልሱ አይደለም።»

«መልስ መቼ ሰጠሁህ? ምን ማለትህ ነው ነው ያልኩህ!»

አንድ ቀን ጠፋ። ትናንት ማታ ልተኛ ስል ደወለ። ድምፁን ሳውቀው እኔ ራሴን ነው የሰማሁት፤ ያ ትኩስ መጠጥ የፈለገ ሰውዬ። «በግ ናት?» አለ። በግ እንዴት ትታለባለች ብዬ ልከራከር ነበር፣ ለካ በግም ትታለባለች። አይደለችም አልኩት። «እሺ በቃ ተሸነፍኩ፣ ንገረኝ።»

«ላም።»

ዝም አለ። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ጽፎ ነው የያዘው መሰለኝ። «ቆይ፣ ላሟ የት አለች?» አለኝ።

እመኑኝ፣ ላብራራለት ነበር አፌን የከፈትኩት። «ግልጽ እኮ ነው!» ብዬው አረፍኩ።

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።